ጓንት ገዝተህ ና

የተመላላሽ ክፍላችን በር ከታች በኩል ቀዳዳ አለው። ተራዬ ተዘለለ ያለ አንድ ሰውዬ በእርግጫ የከፈተው ነው፤ እግሩን ሲያወጣ ጫማው ውስጥ ቀረ። ጥገና ክፍል ብንጠራ መጥተው አይተው፣ ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ። እኔ ሲስተር ወርቄ በዚህ ክፍል በነርስነት ሳረጅ በካርድ ተመትቻለሁ፣ በክራንች ተመትቻለሁ፣ አንዴ ደግሞ ከነሽንቱ በተወረወረ ብልቃጥ። ሆስፒታላችን አዲስ አበባ ውስጥ ከኢምፔሪያል ሰፈር አለፍ ብሎ በምሥራቅ በኩል ያለ የመንግሥት ሆስፒታል ነው፤ ስሙ ይቅርብኝ። ሰው ታሞ፣ ተሰልፎ፣ ተራው ሲደርስ «ማሽኑ ተበላሽቷል» ከተባለ ያገኘውን ይመታል። የሚያገኘው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እኛን ነው።

ዶክተር ኑሪ ሙዘሚል የመጣልን የውስጥ ደዌ ሕክምና የአንደኛ ዓመት ሬዚደንት ሆኖ ነው። እኛ «አር ዋን» ነው የምንላቸው። አር ዋን ማለት ሐኪም ሆኖ ሳለ እንደገና ተማሪ የሆነ፣ እንቅልፍ የጠማው፣ ከጥበቃው በስተቀር ሁሉም የሚያዘው ፍጥረት ነው። አንዳንዴ ጥበቃውም ያዘዋል። ኑሪን መጀመሪያ ያየሁት ቀን ዓይኔ ያረፈው እጁ ላይ ነበር። የጣቶቹ አንጓዎች ተልጠው፣ ድነው፣ እንደገና ተልጠው ጠፍጣፋ ሆነዋል። ይህ እጅ ስንት ፊት ላይ አርፎ ይሆን ብዬ አሰብኩ፤ ደግሞም አልተሳሳትኩም።

ቦሌ ሚካኤል ነው ተወልዶ ያደገው። አባቱ አቶ ሙዘሚል የብረት በርና መስኮት ይሠሩ ነበር። ሥራቸው የተመሰከረለት ነው፤ ሰፈሩ ውስጥ የሳቸው በር የሌለበት ግቢ ጥቂት ነው። ሲቆጡ ግን የሚመቱት በእጃቸው በያዙት ነው፤ ብረት ቤት ውስጥ ደግሞ በእጅ የሚያዘው ብረት ነው። ኑሪ ቤት የተቀበለውን ትምህርት ቤት ወስዶ ያከፋፍል ነበር። ጠዋት የአንዱን ጥርስ አርግፎ ከሰዓት በፊዚክስ አንደኛ ይወጣል። አስተማሪዎቹ ይሸልሙት ወይ ያባርሩት እንደሆነ ግራ ይገባቸው ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲጨርስ አባቱ እናቱን ሊመቱ ያነሱትን ብረት ከእጃቸው ነጠቀና በዚያው ብረት ክንዳቸውን ሰበረው። አቶ ሙዘሚል ከዚያ ወዲህ ማንንም መትተው አያውቁም። ልጃቸውንም ከሰላምታ ያለፈ አናግረውት አያውቁም።

ይህን ሁሉ የነገረኝ ራሱ ነው፣ ሻይ እየጠጣን፣ የሌላ ሰው ወሬ የሚያወራ ይመስል። ሐኪም ከሆነ በኋላ ደግሞ ወረዳ ሆስፒታል ሲሠራ፣ ምጥ የያዛትን ሴት መንገድ ላይ አውርዶ አምቡላንሱን ከሰል የጫነበትን ሹፌር መንጋጋውን አወለቀው። መልሶ ያስገባለትም እሱ ነው። እኔ በበኩሌ «እሰይ!» ብያለሁ፤ የሆስፒታሉ ኃላፊዎች ግን የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ሰጡት። አንድ ጊዜ ደግሞ እጅህ ቢነሳ ከሙያው ትወጣለህ ተባለ። ይህን ይዞ ነው እኛ ጋ የመጣው።

በተመላላሽ ክሊኒኩ አር ዋኖቹን የምታስተምራቸው ዶክተር ዕፀገነት ናት። አብረን ስላረጀን አንቺ ነው የምንባባለው። ቁመቷ ከጠረጴዛው ብዙም አያልፍም፤ ምላሷና እግሯ ግን ሁሉም ጋ ይደርሳሉ። ኑሪ በመጣ ዕለት ከታች ወደ ላይ አየችው።

«የሚማታው ልጅ አንተ ነህ?»

«ነበርኩ፣ ዶክተር።»

«እኔም እማታለሁ» አለችው። «እኔ ግን ከጠረጴዛ በታች ነው።»

እውነቷን ነው። አሠራሯ እንዲህ ነው፦ አር ዋኑ በሽተኛውን ሲያናግር እሷ አጠገቡ ትቀመጣለች። በሽተኛው ወሬውን ሳይጨርስ አር ዋኑ ካቋረጠው ቅልጥሙን በጫማዋ ጫፍ ትለዋለች። የተፈቀደለት ቃል አንድ ብቻ ናት፦ «ሌላስ?» ኑሪ መቋረጥ ባይወድም ማቋረጥ ግን የሚወድ ልጅ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ቅልጥሙ ሰማያዊ ሆነ። ሱሪውን ሰብስቦ ያሳየኝና ይስቃል። «ሲስተር፣ አባቴ ይህችን ዘዴ ቢያውቃት ኖሮ ይሄኔ ፕሮፌሰር ነበርኩ» ይለኛል። እኔም ቅባት እቀባዋለሁ፣ እሰድበዋለሁ፣ ቁርሴን አካፍለዋለሁ። ወደድኩት፤ ምን ልበል።

ሌላው የዕፀገነት ሕግ ደግሞ እያንዳንዱ አር ዋን የራሱ በሽተኞች ይኑሩት የሚል ነው። ድሮ በሽተኛው በቀጠሮው በመጣ ቁጥር አዲስ ፊት ነበር የሚጠብቀው። አዲሱ ሐኪም «ምን ሆነሃል?» ብሎ ከሀ ይጀምራል፣ ያንኑ መድኃኒት ይጽፍለታል፣ ያሰናብተዋል። አሁን ግን የኑሪ በሽተኛ ማክሰኞ መጥቶ ኑሪን ነው የሚያገኘው። ሶሬቲም ኑሪ እጅ የገባችው በዚህ ሕግ ነው።

ሶሬቲ ለሚ ኩራ አዲስ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የምትኖር ወጣት ሴት ናት። ከኑሪ በፊት ሦስት ሬዚደንቶች አይተዋት ሦስቱም የጨጓራ መድኃኒት ሰጥተዋታል። አዲስ አበባ ውስጥ ስሙ የጠፋ ሕመም ሁሉ ጨጓራ ነው። ሁልጊዜ ይዟት የሚመጣው ባሏ ቶሚ ነው፤ ኢምፔሪያል አካባቢ መኪና የሚያሻሽጥ ደላላ። ሽቶው ከሱ ቀድሞ ይገባል። ለኔ «እናቴ»፣ ለኑሪ «ዶክተርዬ» ይላል፣ ቦርሳዋን ይይዝላታል፣ ወንበር ይስብላታል። ሰልፍ ላይ ያሉት ሴቶች «ባል ማለት እንዲህ ነው» እያሉ ይቀኑባት ነበር። እኔም ብሆን አንድ ሁለቴ ቀንቻለሁ፤ የኔ ባል ሆስፒታሉን እንኳ የሚያውቀው በስም ነው።

ኑሪ «የት ጋ ነው የሚያምሽ?» ሲላት ቶሚ ይመልሳል። «መቼ ጀመረሽ?» ሲላት ቶሚ ይመልሳል። «ሌላስ?» ሲላት ቶሚ «ሌላ ምንም የለም ዶክተርዬ፣ ምግብ ስለማትበላ ነው» ይላል። በመጨረሻ ኑሪ አልጋ ላይ አስወጥቶ ሆዷን ሊዳስስ ሲል እጁ ሳይነካት ትንፋሿን ዋጠች፤ ክርኗ ሳታስበው ወደ ጎኗ ተሰበሰበ። ኑሪ እጁን መለሰ። ለሚቀጥለው ማክሰኞ ቀጠራትና ሲወጡ በሩን ዘጋው።

«ጎድኗ ተሰብሯል» አለ። «አንድ ብቻም አይደለም። ተመትቶ የሚያውቅ ሰው ነው እንደዚያ የሚከላከለው። እኔ አውቀዋለሁ።»

ዕፀገነት ቅልጥሙን አልመታችውም። «ጎበዝ» አለችው፤ ከአፏ ይህ ቃል ሲወጣ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። «አሁን ግን እሷ ራሷ እስክትነግርህ ድረስ አንተ ምንም አታውቅም። እኛ ብንናገርላት ቤት ስትገባ የሚገድላት እሱ ነው። ብቻዋን ማግኘት አለብን።»

እዚህ ላይ ስለ ጓንት መናገር አለብኝ። ሆስፒታላችን ጓንት የለውም። አንዳንዴ ይመጣል፣ ሳናየው ያልቃል። ስለዚህ በሽተኛ መመርመር ሲያስፈልግ አስታማሚውን «ጓንት ገዝተህ ና» እንለዋለን። አስታማሚው እየተራገመ ይወጣል፣ በር ላይ ያለው ፋርማሲ አልቆበታል፣ ቀጣዩም አልቆበታል፣ ዞሮ ዞሮ ላቡ ተንጠፍጥፎ ይመለሳል። አገሩ ሁሉ የለመደው ስለሆነ ማንም አይጠራጠርም። ዕፀገነት ይህን ችግራችንን ዘዴ አድርጋ ዓመታት ሠርታበታለች። ባልዋ ፊት አልናገር ያለች ሴት ስትመጣ ባልየውን ጓንት ትልከዋለች። እሱ ፋርማሲ ለፋርማሲ ሲንከራተት ሚስቱ ታወራለች። ስንቷ ሴት በዚህ ዘዴ አፏን እንደከፈተች እኔ ምስክር ነኝ።

ማክሰኞ ሶሬቲና ቶሚ መጡ። ኑሪ ቶሚን በትሕትና አየው። «ወንድሜ፣ በደንብ ልንመረምራት ነው። ጓንት ገዝተህልን ትመጣለህ?»

«አይ ያገራችን ነገር!» ብሎ ሳቀና ወጣ።

በሩ ሲዘጋ ኑሪ ወንበሩን ወደ ሶሬቲ አስጠግቶ ተቀመጠ። ያ የሚቸኩል ልጅ አልቸኮለም። ከዚያ «እሱ እስኪመለስ ጊዜ አለን። ሌላስ አለ?» አላት። ሶሬቲ በሩን አየች፣ ቀዳዳውን አየች፣ ዕፀገነትን አየች፣ ከዚያ ልብሷን ከሆዷ ላይ ገለበችው። በሕይወቴ ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ ያን ግን ባላየው ደስ ይለኝ ነበር። የቀበቶ ዘለበት ቅርጹ ሳይቀር ሥጋዋ ላይ ታትሟል። አሮጌው ቢጫ፣ አዲሱ ጥቁር።

«ቢላዋውን ትራሱ ስር አድርጎ ነው የሚተኛው» አለች። ድምፅዋ ጠፍቷል። «ለማንም ብትናገሪ በዚህ ነው የምጨርስሽ ብሎኛል። የሚለውን ያደርጋል። እኔ የምፈራው መሞቱን አይደለም፤ እናቴ ሬሳዬን በምን ሁኔታ ታገኘው ይሆን እያልኩ ነው።»

«ዛሬ ወደዚያ ቤት አትመለሺም» አላት ኑሪ። ዕፀገነት ወዲያው ተነስታ የሴቶች መጠለያ ልትደውል ወደ ቢሮዋ ሄደች። መኪና በጓሮ በር ይመጣል፣ እኔ ይዣት እወጣለሁ፣ ቶሚ ላቡን ጠርጎ ሲመለስ ባዶ ወንበር ያገኛል፤ ሐሳባችን ይህ ነበር።

ያልተሰማን ነገር ቢኖር የዚያን ዕለት ጠዋት አንድ ድርጅት ለሆስፒታሉ ጓንት መለገሱን ነው። የንብረት ክፍሉ ገብረኣብ ካርቶኖቹን በጋሪ እየገፋ ኮሪደሩ ላይ ከቶሚ ጋር ተገናኘ። ገብረኣብ ደግ ሰው ነው፣ ሰው ሲጉላላ ማየት አይሆንለትም። ቶሚ የፋርማሲውን አቅጣጫ ሲጠይቀው «ምን ያንከራትትሃል ወንድሜ፣ ዛሬ ሞልቷል!» ብሎ ካርቶኑን ቀዶ አንድ ሙሉ ፓኬት ሰጠው።

በቀዳዳው መጀመሪያ ጫማውን አየሁት። የሚያብረቀርቅ ቡናማ ጫማ። «ኑሪ!» ከማለቴ በሩ ተከፈተ። ቶሚ ፓኬቱን እንደያዘ ፈገግ ብሎ ገባ። ፈገግታው ሳይጠፋ የሚስቱን የተገለጠ ሆድ አየ።

ፓኬቱን መሬት ላይ ጣለው። ከዚያ አንድም ቃል ሳይናገር ሶሬቲን በጸጉሯ ይዞ ከወንበሯ ላይ ጎተታት፤ ወለሉ ላይ ስትወድቅ ጎድኗ ሲንቋቋ ሰማሁት። መሃል ስገባ በክርኑ ደረቴን ብሎ ከመድኃኒት ቁም ሣጥኑ ጋር አላተመኝ፣ መስታወቱ ላዬ ላይ ረገፈ። በጫማው ሆዷን ሊረግጥ እግሩን ሲያነሳ ኑሪ ከኋላ አንገቱን ያዘው። ቶሚ ዞሮ የብረት ወንበሩን አነሳና በሱ ጠርዝ ኑሪን ግንባሩ ላይ መታው። የኑሪ ቅንድብ ተከፈተ፣ ደሙ ዓይኑ ውስጥ ገባ።

ኑሪ ደሙን በእጅጌው ጠረገው። ያን ጊዜ ፊቱን አየሁት፤ የማውቀው ኑሪ እዚያ አልነበረም።

የመጀመሪያው ቡጢ የቶሚን አፍንጫ ሰበረው። ሁለተኛው ከወንበሩ ጋር ጣለው። ከዚያ በኋላ ያለውን መቁጠር አይቻልም። ደረቱ ላይ በጉልበቱ ተቀምጦ፣ አንድ ጊዜ በቀኝ አንድ ጊዜ በግራ፣ እስኪጠግብ ሳይሆን መጥገብ የሚባል ነገር እንደሌለ ሆኖ መታው። ቶሚ መጀመሪያ ተሳደበ፣ ከዚያ ለመነ፣ ከዚያ ጸጥ አለ። ጸጥ ካለም በኋላ ኑሪ አላቆመም። የገዛ እጁ አጥንት ሲሰበርም አላቆመም። እውነቱን ልናገር፣ በመጀመሪያዎቹ ቡጢዎች አንጀቴ ርሶ ነበር። «በለው!» ሳልል አልቀረሁም። በኋላ ግን ፈራሁ። «ኑሪ፣ በቃ! ሞተ እኮ!» እያልኩ ጋዋኑን ብጎትት አልሰማኝም። ጥበቃዎቹ በር ላይ ደርሰው ለመግባት አመነቱ።

ያስቆመው ሌላ ድምፅ ነው። ሶሬቲ ከእጅ መታጠቢያው ስር ተሸጉጣ፣ ጭንቅላቷን በሁለት ክንዷ ሸፍና፣ ዓይኗን ጨፍና «እሺ፣ እሺ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ አልናገርም፣ ሁለተኛ አልናገርም» ትላለች። ቶሚን አይደለም። ቶሚማ አይሰማም። ኑሪን ነበር የምትለምነው።

ኑሪ የተነሳው እጁ አየር ላይ ቀረ። ዞሮ አያት። ደም የነካውን እጁን ወደሷ ዘርግቶ «አይዞሽ፣ እኔ እኮ ነኝ» ሲላት ግድግዳው ውስጥ ልትገባ ምንም አልቀራትም።

ፖሊስ መጣ። ፖሊስ ሲገባ ያየው አንድ በደም የተጨማለቀ ባልና አንድ በደም የተጨማለቀ ሐኪም ነው። እኔም ዕፀገነትም ያየነውን ተናገርን። ሶሬቲን ሲጠይቋት ግን መሬት መሬቱን እያየች «እኔ ወድቄ ነው። ባሌን የመታው ዶክተሩ ነው» አለች። ቶሚ ታክሞ፣ ተሰፍቶ፣ አመሻሹ ላይ በሷ ትከሻ ተደግፎ ወጣ። በሩን ሲያልፍ በተሰነጠቀ ከንፈሩ ፈገግ አለልኝ። «ቻው እናቴ» አለኝ።

የዚያን ሳምንት አልረሳውም። ኑሪ እጁ በጀሶ ታስሮ፣ ግንባሩ ተሰፍቶ፣ ኮሚቴ እስኪወስንበት ድረስ ሰው እንዳይነካ ተከለከለ። ዕፀገነት ግን «ማክሰኞ እኔ አጠገብ ይቀመጣል» ብላ ተከራከረችለት። ኑሪ ኮሚቴው ጉዳዩ አልነበረም። አምቡላንስ በጮኸ ቁጥር ድንገተኛ ክፍል በር ላይ ሄዶ ይቆማል። በለሚ ኩራ በኩል የመጣ ሬሳ አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ተጨቃጭቄ ምሳ ላበላው ብሞክር «ሲስተር፣ ገድያት ይሆን?» አለኝ። ተናድጄበት ነበር፣ አዝኜለትም ነበር፤ ጉርሻውን ጠቅልዬ ወደ አፉ አቀረብኩለት።

ማክሰኞ ጠዋት በቀዳዳው አንድ ጥንድ የቤት ነጠላ ጫማ አየሁ። በሩን ስከፍት ሶሬቲ ናት። ብቻዋን። አንድ ዓይኗ አብጦ ተዘግቷል፣ በፌስታል የጠቀለለችውን ነገር ደረቷ ላይ ይዛለች። ቶሚ በኑሪ ላይ የመሠረተውን ክስ ሊያጠናክር ጣቢያ መሄዱን ጠብቃ ነው የወጣችው።

ኑሪ ሲያያት ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ። ፊቱ በራ። «ሶሬቲ! ተመስገን! ተመስገን!» አለ፣ በጀሶ የታሰረው እጁም አብሮ ተነሳ።

እሷ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸች። እጁን አየችው። ቆይታ ቀና ብላ ዕፀገነትን አየች።

«በእርስዎ ቀጠሮ አይደለም የመጣሁት፣ ዶክተር» አለችው ኑሪን። ድምፅዋ ቁጣ የለበትም። «እርስዎ ደግ ሰው ነዎት፣ አውቃለሁ። ለኔ ብለው ነው፣ አውቃለሁ። እሱም ሁልጊዜ ላንቺ ብዬ ነው ይለኛል። እርስዎ እያሉ መናገር አልችልም።»

ኑሪ ቆሞ ቀረ። እንዲህ ያለ ምት በሕይወቱ ቀምሶ አያውቅም፤ ይህን ከፊቱ አወቅኩ። ዕፀገነት ከጠረጴዛው በታች እግሯን አላነሳችም። ለስለስ ባለ ድምፅ፣ ዓመታት ሙሉ ለስንቱ ባል የተናገረችውን ተናገረችው።

«ኑሪ፣ ጓንት ገዝተህ ና።»

ጠረጴዛው ላይ ገብረኣብ ያመጣው ሙሉ ካርቶን ተከፍቶ ተቀምጧል። ኑሪ ካርቶኑን አየው። ከዚያ ዕፀገነትን። ምን እንዳለችው ገብቶታል። «እሺ፣ ዶክተር» ብሎ ወጣ፣ በሩንም ቀስ አድርጎ ዘጋው።

ሶሬቲ ተቀመጠችና ሁሉንም ተናገረች። ዕፀገነት ደወለች፣ መኪናው በጓሮ በር መጣ፣ እኔ እስከ መኪናው ሸኘኋት። ከትራሱ ስር የወሰደችውን ቢላዋ በፌስታሉ እንደያዘች ገባች። ስትስመኝ ጉንጯ ያቃጥል ነበር።

ኑሪ የተመለሰው እኩለ ቀን ላይ ነው፣ ጸሐይ መትቶት፣ ጫማው አቧራ ለብሶ። ባዶውን ወንበር አየ።

«ሄደች?» አለኝ።

«ሄደች። ደህና ቦታ ነው የሄደችው።»

ራሱን ነቀነቀ። በደህናው እጁ ከኪሱ አንድ ፓኬት ጓንት አወጣና ከሙሉው ካርቶን አጠገብ አስቀመጠው። ከዚያ ቦታው ላይ ተቀምጦ የታሰረውን እጁን ከጠረጴዛው በታች አስገባና ቀጣዩን በሽተኛ እንድጠራ ጠየቀኝ።